የሐጂ ሙሜ ጋቢና

ሐጂ ሙሜ መሞቱን የሰማሁት ከአንድ ባጃጅ ነጂ ነው። የተቀደደ ወንበሩን እንድሰፋለት ሱቄ ደጃፍ ላይ አቁሞ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጫቱን እየቀነጠበ፣

«ያ ክፉ ሽማግሌ ሞተ አሉ፤ ሰምተሃል ጋሼ?» አለኝ።

«የትኛው?» አልኩት። ጭሮ ውስጥ ክፉ ሽማግሌ አንድ ብቻ አይደለም።

«እናቱን ላላመጣ ሰው መኪና የማይሰጠው ነዋ።»

መርፌዬን ሸራው ላይ ሰክቼ ተውኩት። «በምን ሞተ?»

«አልጋው ላይ ነው አቦ። ለሱብሒ ሶላት ሊቀሰቅሱት ቢገቡ የለም።»

ልጁ ሳቀ። ሐጂም ቢሰማ ይስቅ ነበር። «ሾፌር አልጋው ላይ ከሞተ ተመርቋል ማለት ነው» ይል የነበረው እሱ ነው። ሰው ሁሉ በሥራው ይመረቃል፣ ሐኪሙም አስተማሪውም፤ ሾፌር ግን ዲግሪው አልጋ ላይ መሞት ነው ይላል። እንግዲህ ተመረቀ።

የልጁን ወንበር ሳልጨርስለት ሱቄን ዘጋሁ።

እኔ የመኪና ወንበር ሰፊ ነኝ። ጭሮ አሰበ ተፈሪ ይባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ሙያዬ ይኸው ነው፤ ትምህርቴ ፊደል ከቆጠርኩበት ብዙም አላለፈም። የሐጂ ግቢ ከሱቄ አጥር ለአጥር ነው። ሦስት ሚኒባሶች ነበሩት፤ ወደ ሂርናና ወደ ገለምሶ ይሠራሉ። ሐጂ ቀጭን ነው፤ ጢሙን ሂና ይቀባል፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ ይታጠቃል። ማታ መኪኖቹ ሲገቡ ሾፌሩን ሰላም አይልም። መጀመሪያ ወደ ጎማው ሄዶ ጎንበስ ይልና መዳፉን ቸርኬው ላይ ያሳርፋል፤ እናት የታመመ ልጇን ግንባር እንደምትነካው። ብረቱ ካቃጠለው ሾፌሩ በፍጥነት እየወረደ ፍሬን ሲረግጥ ነው የዋለው።

«ትኩሳት አለው» ይላል። «ምን አበላኸው?»

ሾፌሩ ይምላል። «ወላሂ ሐጂ፣ ሱታ፣ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት።»

«አንተ ትዋሻለህ፤ ብረት ግን አይዋሽም። ነገ አትምጣ።»

በቃ፣ ይኼው ነው። ሚስቱ አራስ ናት ቢሉት፣ ልጁ ሆስፒታል ነው ቢሉት አይሰማም። አንዱን በረመዳን ዋዜማ አሰናብቶታል። «ጾም የሚይዘው ሥራ ፈትቶ ነው፤ ይቀለዋል» አለ። እኔ ራሴ ሰምቼዋለሁ።

ስለ ፍሬን የሠራውን ልንገራችሁ። ለአዲስ ሾፌር ቁልፍ ሲሰጥ፣ «ፍሬኑ ደካማ ነው፤ እወቀው» ይለዋል። ሾፌሩም ከፊቱ ካለው መኪና ርቆ፣ ከመታጠፊያው በፊት ማርሽ ቀንሶ፣ እንደ እርጉዝ ሴት ተጠንቅቆ ይነዳል። ፍሬኑ ግን ደካማ አልነበረም። ሸራው በየጊዜው ይቀየራል፤ በአካባቢው ካሉ መኪኖች ሁሉ የሐጂ ፍሬን ይበልጣል። መካኒኩን በቁርኣን አስምሎት ነው ዝም የሚያሰኘው። አንድ ጊዜ ግን መካኒኩ ምርቃና ላይ ሆኖ አመለጠው። ሾፌሩ የሰማውን ሰማ፤ በማግሥቱ ከገለምሶ ሲመለስ ቸርኬው ላይ ውሃ ብታፈስበት ይፈላ ነበር። ሐጂ መዳፉን አነሳና፣

«ማነው የነገረህ?» አለ።

«ምኑን?»

«መኪናዬ ደህና መሆኑን።»

 ሐጂ ቁልፉን ተቀበለው። «መኪናው ደህና መሆኑን ያወቀ ሾፌር ራሱ ደህና አይደለም» አለው። መካኒኩንም በዚያው ቀን ከግቢው አስወጣው። ያ መካኒክ እስከ ዛሬ ድረስ ሐጂን ሲረግም ይውላል፤ ፍሬን ሲሠራ ግን እሱም ለሾፌሮቹ «ደካማ ነው» ይላቸዋል።

ታደለ የሚባል ነርስ ነበር፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ጨዋ ልጅ። ሥራ ቦታው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ብስክሌት ገዛ፤ ጭንቅላቱ ላይም የፕላስቲክ ቆብ ያደርጋል። በእኛ አገር ብስክሌት ራሱ ብርቅ ነው፣ ዳገቱ አያስኬድም፤ ባለ ቆብማ አይተን አናውቅም። ሐጂ ሲያልፍ ባየው ቁጥር፣ «ዋሪያ! ድስቱን ማን ደፋብህ?» ይለዋል። ታደለ አንድ ቀን ብስክሌቱን አቁሞ ወደ እኛ መጣና አስረዳው፤ አንጎል እንዲህ ነው፣ ሲመታ እንዲህ ይሆናል ብሎ። ሐጂ ጸጥ ብሎ ሰማው።

«ጥሩ» አለ በመጨረሻ። «ጫት የጫነው ኢሱዙ ባጠገብህ ሲያልፍ ምን ያህል ይርቅሃል?»

«ምኑን ይርቀኛል፣ ልብሴን ሊነካኝ ነው።»

«ቆቡን አይቶ ነዋ። 'ይኼ ሰው ተዘጋጅቷል' ይላል። ነገ ቆቡን ቤት ተወውና እንደ ሰካራም እየተንገዳገድክ ሂድ።»

«ሐጂ፣ እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ እኮ።»

«ሰካራም የጤና ባለሙያ የለም?»

ልጁ ቆቡን አላወለቀም፤ ለመንገዳገድ ግን ሞከረ። ከዚያ መጥቶ ነገረን፤ ያፈረ ይመስል ነበር። ኢሱዙዎቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ወዲያኛው ጠርዝ ድረስ ሸሹት። ሐጂ አልሳቀበትም። «ሰው የሚራራው ለሚወድቅ ብቻ ነው» አለው።

ኋላ ግን ታደለ ከዳገቱ ሲወርድ ጠጠር አንሸራተተውና ወደቀ። ቆቡ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ጭንቅላቱ ደህና ሆነ። የተሰነጠቀውን ይዞ ወደ ሐጂ መጣ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ይኸው ሐጂ። ይህ ባይኖር ዛሬ ቀብሬ ላይ ነበርክ።»

ሐጂ ቆቡን አገላብጦ አየው። «ይህ ባይኖርስ ያንን ቁልቁለት በዚያ ፍጥነት ትወርደው ነበር?»

 እኔ ለታደለ ፈረድኩ፤ ዛሬም ለእሱ ነው የምፈርደው። የዳነ ጭንቅላት የዳነ ነው። ሐጂ ግን ሰው ደስ ብሎት ማየት አይወድም ነበር።

አሁን ወደ ጋቢናው ልምጣ።

አዲስ ሾፌር ሲቀጠር የሐጂ ደንብ ይህ ነው፤ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ እናቱ ከጎኑ ጋቢና ትቀመጣለች። ሂርና ደርሳ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። እናት ከሌለችው ሚስቱ። አንዱ ሁለቱም የሌለው መጥቶ ነበር። «የምትፈራለት ከሌለህ እኔ አንተን እፈራሃለሁ» ብሎ መለሰው። ልጁ ያደገው ያለ እናት ነው፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፣ ሐጂም አይቶታል።

የጋቢናውን ቀበቶ ደግሞ ሐጂ በቢላ ቆርጦታል። ትራፊክ ሲያስቆም እንዳይቀጡት፣ ጥቁር የጨርቅ ጠፍር እንድሰፋለት አዘዘኝ፤ ከላይ ይንጠለጠላል፣ ትራፊክ ሲታይ ሴትየዋ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች፣ ጫፉ ግን የትም አይታሰርም።

«ሐጂ፣ ይህ እኮ ምንም አይዝም» አልኩት።

«ለትራፊኩ ዓይን ነው። ሾፌሩ እንደማይዝ ያውቃል፤ እኔ የምፈልገው ያንን ነው።»

እሱና እኔ እኩያ ነን፤ አንተ አንተ ነው የምንባባለው። ከየት አመጣኸው ይህን ብዬ ጠየቅኩት። ወጣት ሆኖ ጫት ያመላልስ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያወራም። «ፍርሃቴን በነጻ አላገኘሁትም» ብቻ አለኝ።

አብዲ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ቀልጣፋ፣ ሳቂታ፣ መሪ ሲይዝ ደስ የሚል ልጅ። እናቱ አዴ ፋጡማ ባሏ የሞተባት፣ እሱን ብቻ ያሳደገች ሴት ናት። የሌሎቹ እናቶች በወራቸው ወረዱ፤ አዴ ፋጡማ ግን አልወረደችም። አብዲ ፈጣን ነዋ። ሐጂ ቸርኬውን ነክቶ ለብ ሲለው፣ «ገና ነው፤ እናትህ ትቀመጥ» ይላል። ወሩ ወር ወለደ፤ ሴትየዋ በየቀኑ እጇ መያዣውን ጨምቆ፣ ከንፈሯ ዱዓ እያለ ትወርዳለች ትወጣለች። አብዲ እሷ ስላለች ቀስ ይላል፤ ቀስ ማለቱ ደግሞ ያቃጥለዋል። የጫት ኢሱዙዎቹ እየቀደሙት፣ «የእማዬ ልጅ!» እያሉ ይሰድቡታል።

አንድ ቀን ሱቄ መጣ። በእኛ አገር ልጅም ሽማግሌውን አንተ ይለዋል፤ ክብሩ ጋሼው ውስጥ ነው።

«ጋሼ በቀለ፣ እውነተኛ ቀበቶ ግጠምልኝ።»

«ሐጂስ?»

«ሐጂ ጎማ እንጂ ወንበር አይነካም። አዮ ስትንቀጠቀጥ ማየት አቃተኝ። እናቴ እኮ ናት፤ ሥጋ አይደለችም ዓይኔ ፊት የምትሰቀል።»

እውነቱን ነው። ከተጣለ መኪና የወጣ ደህና ቀበቶ ነበረኝ፤ በቡሎን አጥብቄ ገጠምኩለት። አዴ ፋጡማ ስትታሰር ትከሻዋን ዳሰስ አድርጋ ሳቀች። ልጅ እናቱን ስለወደደ ያደረገው ነገር ነው፤ ክፉ ሠራሁ አልልም።

ብዙም አልቆየም። የሂርና ገበያ ቀን ነበር። አብዲ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ከፊቱ ኢሱዙ ነበር፤ መታጠፊያው ላይ ሊቀድመው ወጣ። ከፊት ሌላ መኪና መጣበት። መሪውን ወደ ጠርዙ ጠመዘዘ። ጠርዙ ላይ ሃሊማ የምትባል ሴት የሽንኩርት ኬሻ አዝላ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። እሷን መታ፤ መኪናው ቦዩ ውስጥ በጎኑ ተኛ። ተሳፋሪው ተፈነካከተ፣ የአብዲ ክንድ ተሰበረ። አዴ ፋጡማ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥላ ተገኘች፤ አንገቷ ሥር ከተላጠ በቀር ምንም አልሆነችም። ሃሊማ እዚያው ሞተች። ሽንኩርቱ ቁልቁል ሲንከባለል የመንደሩ ልጆች ሲለቅሙት ነበር ይላሉ።

አዴ ፋጡማ ኋላ ያለችኝን አልረሳውም። «ድሮ ቁልቁለት ሲደርስ ዞር ብሎ ፊቴን ነበር የሚያየው። ፈርቼ እንደሆነ ሊያይ። የዚያን ቀን ዞር ብሎ ቀበቶውን አየ። ከዚያ ነዳጅ ሰጠ።»

በኦሮሞው ወግ ጉማ የሚባል አለ፤ ነፍስ ሲጠፋ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደም የሚያደርቁበት። አብዲ ክንዱ በጀሶ ታስሮ፣ በፖሊስ ተይዞ መጣ። እናቱ ከኋላው መሬት ላይ ተቀመጠች። የሟች ባል ልጆቹን ይዞ ፊት ለፊት ነበር። እኔም ከከተማው ሰው ጋር ሄጃለሁ። ሽማግሌዎቹ ባረኩ፤ አላህ ያመጣው ነው፣ የሰው እጅ የለበትም አሉ። ነገሩ ሊለዝብ ሲል ሐጂ ተነሳ። ከሽርጡ ሥር ያንን ቀበቶ አወጣ፤ ከነቡሎኑ ነቅሎታል። አብዲ እግር ሥር ጣለው።

«እናትህ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። «ጎበዝ ቀበቶ ነው። ለሃሊማ ግን ማን አሰረላት? አንሳውና ለልጆቿ ስጣቸው።»

 አንዱ ሽማግሌ፣ «ሐጂ፣ ይብቃ» አለ። ሐጂ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ደግሞ፣ በቀለ፣ የምታውቀው ጋቢና የተቀመጠውን ሰው ብቻ ነው። መንገድ ዳር የሚሄደውን አታውቀውም።»

ለአብዲ እናት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልራራላትም። ከሞት መትረፏን እንደ ስርቆት ቆጠረባት። አዴ ፋጡማ ተነስታ መጣች፤ ቀበቶውን ከመሬት አነሳች፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች፣ አጣጥፋ ያዘችው። ወደ ሐጂ አላየችም። የሟች ባል ነበር እያለቀሰ፣ «ሴትየዋን ተዋት» ያለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዴ ፋጡማ መኪና ላይ ወጥታ አታውቅም። ገበያም ለቅሶም በእግሯ ነው። ያንን ቀበቶ ዕቃ ማዘያ አደረገችው፤ ጎመኑንም ሽንኩርቱንም በሱ ጀርባዋ ላይ ትጠፍራለች። አንድ ቀን በሱቄ ስታልፍ አይቻት ዓይኔን መርፌዬ ላይ ብተክል፣ «ጥሩ ጠፍር ነው ጋሽ በቀለ፣ አይበጠስም» አለችኝ። ፈገግ እንኳ አላለችም።

አብዲ ተፈረደበት፤ ታስሮ ጊዜውን ጨርሶ ወጣ። የተፈታ ዕለት እናቱና እኔ ልንቀበለው ሄድን። ሐጂ ከኛ ቀድሞ በር ላይ ቆሟል፣ በምርኩዙ መሬት እየቆረቆረ። አብዲ ሲወጣ ቁልፍ ዘረጋለት።

«አልነዳም» አለ አብዲ። «ሐጂ፣ በአላህ ይሁንብህ። መሪ ባሰብኩ ቁጥር ያ መታጠፊያ ይታየኛል።»

«ለዚህ እኮ ነው የምሰጥህ።»

«ሰው ገድያለሁ።»

«አውቃለሁ። አሁን ነው ሾፌር የሆንከው። የሃሊማን ነፍስ ከከፈልንብህ በኋላ ለሌላ ባለ መኪና እሰጥሃለሁ?»

ሰው ለሰው እንዲህ ይናገራል? አዴ ፋጡማ ፊቷን አዞረች። አብዲ ግን ቁልፉን ተቀበለ። ሌላ ሥራ የሚሰጠው አልነበረማ። ዓመት ዓመትን ተከተለ፤ ያንኑ ጠመዝማዛ በየቀኑ ወረደው፣ ወጣው። ማታ ሐጂ ጎንበስ ብሎ ቸርኬውን ሲነካ ብረቱ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። «ሞቷል» ይላል ሐጂ፣ መዳፉን እያራገፈ። ስለ ቸርኬው ይሁን ስለ ልጁ እንጃ። ምስጋናው ያ ነበር።

እንግዲህ የሞተ ዕለት ግቢው ስደርስ አብዲ ሚኒባሱን እያጠበ አገኘሁት። ሐጂ የተናዘዘው ሂርና አልፎ ካለው የትውልድ መንደሩ እንዲቀብሩት፣ የሚወስደውም አብዲ እንዲሆን ነው። ቃሬዛው እንዲገባ የኋላ ወንበሮቹን ፈትቼ አወጣሁ፤ ሁሉንም የሰፋኋቸው እኔ ነኝ። ገንዘው፣ ሰግደውበት አስገቡት። ዘመዶቹ ከኋላ ቃሬዛውን ከበው ተቀመጡ። የሰፈር ሰው ብዙ አልመጣም። ለእኔ፣ ሽማግሌ ነህ ብለው ጋቢናውን ለቀቁልኝ።

ጋቢናው አዲስ ቀበቶ አለው። ሐጂ ካረጀና ከቤት መውጣት ካቆመ ወዲህ አስገጥመውት ነው። ስቤ አሰርኩት። አብዲ ሞተሩን አስነሳ፤ ማርሽ ግን አላስገባም።

«ጋሼ፣ ፍታው።»

«ምኑን?»

«ቀበቶውን። ለዛሬ ብቻ። ታስረህ ሳይህ መንዳት አልችልም፤ እሱ ከኋላዬ ተኝቶ።»

ፈታሁት። ስፈታው የልጁ ትከሻ ቀጥ አለ፣ ዓይኑ መንገዱን ያዘ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፈራሁ። በዚህ ዕድሜዬ ቁልቁለቱን እንዲህ አይቼው አላውቅም፤ እያንዳንዷን አህያ፣ ጠርዝ ላይ የሚሄደውን ሰው ሁሉ አየሁ። ሃሊማ የሞተችበት መታጠፊያ ላይ አብዲ መኪናውን እንደ ሕፃን አሳልፎ አወረደው። የጫት ኢሱዙዎች ከኋላ ጡሩምባ ይነፋሉ፤ አንዱ ሲያልፈን፣ «ሬሳ ነው እንዴ የጫንከው?» አለ። አብዲ፣ «አዎ» አለው።

ቀበርነው። አፈሩ ሲመለስ አብዲ አላለቀሰም፤ እኔም አላለቀስኩም።

ሰውየውንም ዘመዶቹንም መንደሩ ትተን ሁለታችን ብቻ ተመለስን። ጭሮ ልንገባ ስንል አዴ ፋጡማ ከፊታችን መንገድ ዳር ስትሄድ አየናት፤ ኬሻዋን በዚያ ቀበቶ ጠፍራ፣ አጎንብሳ። አብዲ ከጎኗ አቆመ፤ እኔ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ።

«አዮ፣ ግቢ» አላት በእኔ በኩል አንገቱን አስግጎ።

አልቆመችም። «ተቀበረ?»

«ተቀበረ።»

«ጋቢና ማን ነበር?»

«ጋሼ በቀለ።»

ያን ጊዜ ቆመችና ወደ ውስጥ አየች። ደረቴን ነው ያየችው፤ ባዶ መሆኑን። «ስትሄዱም አላሰረም?»

«አላሰረም።»

ጭነቷን ጀርባዋ ላይ አስተካከለች። «እንግዲያው ሱታ ንዳ» አለችውና መንገዷን ቀጠለች።

አብዲ አልቀደማትም። በእሷ እርምጃ ከኋላዋ ተከተላት። ኢሱዙዎቹ እየጮሁ፣ እየተሳደቡ በጎናችን ያልፋሉ፤ እሷ ዞር አትልም፣ እሱም ዞር አይልም። እኔ ባዶ ትከሻዬን ይዤ፣ መያዣውን ጨምቄ እዚያ ተቀመጥኩ። ሐጂ ጢሙን እየዳሰሰ የሚያየኝ መሰለኝ። ፈርቼ ነበር፤ ቢያየኝ ደስ ይለው ነበር።